ብሮክቪል ወይስ ሌዜስኩመን፦ ከጎንደር ተነሥቶ በካናዳው ሴንት ሎውረንስ ወንዝ ለሚጠልቅ

ወንዙ አንድ ነው፤ ጓዙ ግን ለየቅል። ብሮክቪል (ኦንታሪዮ) ላይ ውኃው ጨው የለሽ ነው፤ ነሐሴ ላይ 20 ዲግሪ ስለሚደርስ የ7 ሚሊሜትር ዌትሱት (ውኃ የሚያስገባ ግን ሙቀት የሚይዝ የጥለቃ ልብስ) ይበቃል። ፈተናው ፍሰቱ ነው፦ ከሰመጡት መርከቦች የታሰረውን ገመድ የለቀቀ ጠላቂ ይወሰዳል፤ ስለዚህ ጠላቂው ያለበትን ከውኃው በላይ የሚያሳይ ምልክት ፊኛ ግድ ነው።

ሌዜስኩመን (ኩቤክ) ጨዋማ ነው፤ ጥልቁ በበጋም 4 ዲግሪ አካባቢ ነው። «የደባርቅን ብርድ ለምጃለሁ» እዚህ አይሠራም፤ ውኃ ሙቀትን ከአየር 25 እጥፍ ገደማ ያስተላልፋል። ድራይሱት (ውኃ የማያስገባ፣ ውስጡ አየር የሚይዝ ልብስ) ያስፈልጋል፤ አጠቃቀሙንም አስቀድሞ መሠልጠን፣ አለዚያ አየሩ ወደ እግር ሸሽቶ ሰውን ይዘቀዝቃል። ጨዋማ ውኃ ስለሚያንሳፍፍ፣ ከነዕቃው 100 ኪሎ የሚመዝን ሰው ለመስመጥ 2.5 ኪሎ ያህል የእርሳስ ብረት ክብደት ይጨምራል።

ዋናው ሥጋት የመተንፈሻው መቆጣጠሪያ (አየሩን ከጠርሙሱ ወደ አፍ የሚያደርሰው መሣሪያ) ነው። ከጠርሙሱ የሚወጣ የታመቀ አየር ሲስፋፋ ይቀዘቅዛል፤ ከ10 ዲግሪ በታች ውስጡ በረዶ ይሠራና አየሩ ሳያቋርጥ ይፈስሳል። ለቀዝቃዛ ውኃ የተሠራውን ያዙ፤ ሳይጠልቁ አይተንፍሱበት፤ በየራሱ ቫልቭ የሚዘጋ ሁለተኛ መቆጣጠሪያም ይኑር።

ለመጀመሪያ ጉዞ ብሮክቪል ይሻላል። ከተደጋገመ ጥለቃ በኋላ ግን ወደ አውሮፕላን ለመግባት ቢያንስ 18 ሰዓት ይጠብቁ።