ፋሚሊሰርች፦ አሜሪካዊ ቅድመ አያትን ከባሕር ዳር ሆኖ ለመፈለግ

በእናቱ በኩል ሰባት ቤት የሚቆጥር የባሕር ዳር ልጅ፣ አባቱ አሜሪካዊ ከሆነ በዚያኛው ወገን አያቱ ላይ ሲደርስ ይቆምበታል። እዚያ ሀገር ዘር የሚገኘው ከመዝገብ ነው። መዝገቡን እዚሁ ተቀምጦ ለመክፈት ደግሞ ፋሚሊሰርችን የሚያህል የለም፤ ሌሎቹ ትልልቅ ድረ ገጾች በዓለም አቀፍ ካርድ ያስከፍላሉ፣ ይህኛው ተመዝግቦ መግባት ብቻ ይበቃዋል። ባለቤቷ መቀመጫዋ ሶልት ሌክ ሲቲ የሆነው፣ በተለምዶ ሞርሞን የምትባለው ቤተ ክርስቲያን ናት። አባላቷ ለሞቱ ዘመዶቻቸው የሚፈጽሙት የጥምቀት ሥርዓትም ከዚሁ ሥራ ጋር የተያያዘ ነው። ይህ የሚያሳስበው ሰው ተጠቃሚዎች በጋራ የሚሠሩት የዘር ዛፍ ላይ ስም ሳያስገባ መዝገቡን ብቻ ማንበብ ይችላል።

ዛፉ ቢቀርም ብዙ አይጎዳም። የሟቾችን ገጽ ማንኛውም ተጠቃሚ ማረም ስለሚችል፣ ሞክሼ የሆኑ ሁለት ሰዎች እንደ አንድ ሰው ተቀላቅለው ማየት የተለመደ ነው። ሀብቱ ያለው የመዝገብ ምስሎቹ ላይ ነው።

ከቅርብ ጀምሩ። የ1950 የሕዝብ ቆጠራ (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ከ2022 ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት ነው። አያትን እዚያ ካገኛችሁ በኋላ በየ10 ዓመቱ ወደ ኋላ ሂዱ። የ1900 ቆጠራ የተወለዱበትን ወርና ዓመት፣ እናት ስንት ወልዳ ስንቱ በሕይወት እንዳለ ይናገራል። የ1890ው በ1921 ዋሽንግተን ውስጥ በደረሰ ቃጠሎ ምክንያት ከጥቂት ቅሪት በስተቀር ጠፍቷል። የ20 ዓመቱን ክፍተት የምትሞሉት በጋብቻ መዝገብና በኑዛዜ ነው።

የ1880ው እያንዳንዱ ሰው ለአባወራው ምኑ እንደሆነና ወላጆቹ የት እንደተወለዱ ይገልጻል። በ1850፣ በ1860ና በ1870 ግን ዝምድና አልተጻፈም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። የ50 ዓመት ወንድ፣ የ24 ዓመት ሴትና የ9 ዓመት ልጅ በአንድ ቤት ተከታትለው ቢጻፉ፣ ሴቲቱ ሁለተኛ ሚስት ወይም የሰውየው ትልቋ ልጅ ልትሆን ትችላለች። ጋብቻው ሳይገኝ «እናት» ብላችሁ አትጻፉ። የ1840ውና ከዚያ በፊት ያሉት ደግሞ የአባወራውን ስም ብቻ ይዘው ሌላውን በዕድሜና በጾታ ይቆጥራሉ።

ቅድመ አያቶቹ በባርነት የነበሩ ከሆነ የ1850ና የ1860 የባሪያ ቆጠራዎች የጌታውን ስም ይጠሩና ሰዎቹን በዕድሜ፣ በጾታና በቀለም ብቻ ይዘረዝራሉ፤ በስም የሚገኙት በአብዛኛው ከ1870 ጀምሮ ነው። ያን ግድግዳ ለማለፍ ከባርነት ነጻ ለወጡ ሰዎች የተቋቋመውን የፍሪድማንስ ባንክ መዝገብ ክፈቱ። ባንኩ ከ1865 እስከ 1874 ሠርቷል፤ ከአስቀማጮቹ ብዙዎቹ የወላጆቻቸውንና የወንድም እኅቶቻቸውን ስም አስመዝግበዋል። ይህን በነጻ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው።

ስም ስታስገቡ በሁለተኛው ሣጥን ላይ እንደ እኛ የአባትን ስም አትጻፉ፤ እዚያ የሚገባው ከትውልድ ትውልድ የሚወርደው የቤተሰብ ስም ነው። ሴቶቹን ከጋብቻ በፊት በአባታቸው፣ ከጋብቻ በኋላ በባላቸው ቤተሰብ ስም ፈልጉ። ቆጣሪው የሰማውን እንደመሰለው ስለሚጽፍ፣ በኋላም የእጅ ጽሑፉን የገለበጠው ሰው ትልቁን ኤል (L) ኤስ (S) ብሎ ሊያነበው ስለሚችል፣ ትክክለኛው አጻጻፍ ብቻውን አይበቃም። አጠራጣሪውን ፊደል በጥያቄ ምልክት፣ ረዘም ያለውን ክፍል በኮከብ ምልክት ተኩት፤ የልደት ዓመቱንም ወዲህና ወዲያ 5 ዓመት አስፉት። ከተገኘም በፊትና በኋላ ያሉትን ገጾች አንብቡ፤ ጎረቤቱ ብዙ ጊዜ አማች ወይም ወንድም ነው። የጣና ገዳማትን ወንጌሎች ኅዳግ ያየ ሰው መዝገብን ዙሪያውን ማንበብ ምን እንደሚጠቅም ያውቃል።

የፍለጋው ውጤት ጽሑፍ ስለሆነ በሞባይል ዳታም ቶሎ ይከፈታል። ምስሎቹ ግን ከባድ ናቸው፤ ዝርዝሩን ቤት አዘጋጅታችሁ ፔዳ አካባቢ ካሉት ኢንተርኔት ቤቶች በአንዱ አውርዷቸው፤ መብራት ሊሄድ ስለሚችል እያንዳንዱን እንዳገኛችሁት አስቀምጡ። በፋይሉ ስም ላይ ዓመቱን፣ ካውንቲውን (በክፍለ ግዛት ሥር ያለውን የአስተዳደር አካባቢ) እና የገጹን ቁጥር ጨምሩ።

የካሜራ ምልክት ላይ ቁልፍ ካያችሁ ምስሉ ከቤት አይከፈትም፤ ድርጅቱ ከመዝገቡ ባለቤት ጋር ባለው ውል ምክንያት ብዙ ጊዜ በማዕከሎቹና በተባባሪ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ብቻ ይታያል። የፊልሙንና የምስሉን ቁጥር ገልብጣችሁ አሜሪካ ላለ ዘመድ ላኩ፤ በአቅራቢያው ተባባሪ ቤተ መጻሕፍት ካለ ያለ ክፍያ አይቶ ሊያወርድላችሁ ይችላል።