ለሉዊዚያናው ካፒቴን ምስጋና፣ ወላጆቻችሁን ይዛችሁ አሳ ለማጥመድ ላሰባችሁ ጥቆማ

ሂዩስተንና አካባቢው ያላችሁ ወገኖች፣ እንደምን ሰነበታችሁ? "አባቴ ከአገር ቤት መጥተዋል፣ ቤት ተቀምጠው ተሰላችተዋል፣ የት ልውሰዳቸው?" የሚል ጥያቄ ከብዙዎቻችሁ እሰማለሁ። እኛ ጥቅምት ላይ የራሳችንን አባት ሉዊዚያና ወስደን አሳ አስጠምደናቸው መጣን። ስላስተናገደን ካፒቴን ዝም ማለት ስላልሆነልኝ ነው የምጽፈው። ስሙንና ስልኩን በአደባባይ አልለጥፍም፤ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እሰጣለሁ፣ ፈቃዱንም ጠይቄዋለሁ።

ቦታው ከኒው ኦርሊንስ ደቡብ ምሥራቅ፣ በሴንት በርናርድ ፓሪሽ (በሉዊዚያና ካውንቲ የሚጠራበት ስም ነው) የሚገኝ ዴላክሮ የሚባል የአሳ አጥማጆች መንደር ነው። ከሂዩስተን እስከ ኒው ኦርሊንስ በአይ-10 አውራ ጎዳና 350 ማይል ገደማ ይነዳል፣ ከዚያ ወደ መንደሩ ጥቂት ነው። አሳ ማጥመድ ስላልኩ የባሕር ሞገድ የሚያንገላታው ጀልባ አይታያችሁ። ረግረግ ነው፤ የሚሲሲፒ ወንዝ ውኃና የሜክሲኮ ሰላጤ ጨው የሚደባለቁበት፣ ሣር በሣር የሆነ፣ መሐል ለመሐል ጠባብ መተላለፊያና ኩሬ የበዛበት። ውኃው የተከለለ ስለሆነ የሚያጥወለውል ነገር የለውም፤ ለሽማግሌ የመረጥነውም ለዚህ ነው።

ከእሱ በፊት ሌሎች አስጎብኚዎች ጋር ደውለን ነበር። የሚጠይቁት ቀኑንና የቀብዱን ነገር ነው። ይህ ሰውዬ ግን ስለ ገንዘብ ከማንሳቱ በፊት ስለ አባታችን ጠየቀ። ዕድሜያቸው ስንት ነው? ከመድረኩ ወደ ጀልባው ዝቅ ብሎ መግባት ይችላሉ ወይስ ደረጃ ላዘጋጅ? ፀሐይ ይችላሉ? የምትፈልጉት የሚበላ አሳ ነው ወይስ ትልቅ ይዛችሁ ፎቶ ተነሥታችሁ መልቀቅ? ከዚያ እኛ አፍረን ያላነሣነውን እሱ አነሣው፦ "ጀልባዬ ላይ ሽንት ቤት የለም፤ ለአባትህ ስል ረፋድ ላይ ወደ ወደቡ እንመለስና እንደገና እንወጣለን።" ወላጆቻችሁን ይዛችሁ ለመሄድ ካሰባችሁ ይህን ጥያቄ እናንተም ለማንኛውም ካፒቴን አስቀድማችሁ አቅርቡ። ረግረግ ውስጥ የሚሄዱት ጀልባዎች ዝቅ ያሉና ክፍት ናቸው፣ መጸዳጃ ያለው ብዙም አታገኙም።

እኛ አምስት ነበርን። የአሜሪካ ኮስት ጋርድ (የባሕር ጠረፍ ጠባቂው) ለእንዲህ ዓይነት ካፒቴኖች የሚሰጠው ፈቃድ እስከ 6 ተሳፋሪ ያስጭናል። እሱ ግን "ከአራት በላይ ከሆናችሁ መንጠቆው አሳውን ትቶ የእናንተን ጆሮ ይይዛል" ብሎ ከመካከላችን ሁለቱን ለሌላ ካፒቴን አስተላለፈ። ገንዘቡ ቀረበት ማለት ነው።

የተቀጣጠርንበት ቀን ሁለት ቀን ሲቀረው ደወለና እንዳትመጡ አለን። ዝናብ የለ፣ ትንበያው ላይ ፀሐይ ነው የሚያሳየው፤ ምን ሆኖ ነው ብለን ግራ ገባን። ምክንያቱ የሰሜን ነፋስ ነበር። በዚያ አካባቢ ባሕሩ በአብዛኛው በቀን አንዴ ሞልቶ አንዴ ይጎድላል፣ ልዩነቱም አንድ ጫማ ገደማ ቢሆን ነው። ስለዚህ የውኃውን ከፍታ ይበልጥ የሚወስነው ነፋሱ ነው። በመኸር ቅዝቃዜ ሲገባ ከሰሜን የሚነፍሰው ነፋስ ውኃውን ከረግረጉ እየገፋ ወደ ሰላጤው ያስወጣውና ኩሬዎቹ ጭቃ ብቻ ይሆናሉ። "ልወስዳችሁ እችላለሁ፣ ገንዘባችሁንም እቀበላለሁ፤ አባትህ ግን ጭቃ ሲያዩ ይውላሉ" አለኝ። ቀብዱን ሳይነካ ወደ ሌላ ቅዳሜ አዛወረልን። ቅዳሜ ያልነው አባታችን ረቡዕና ዓርብን አጥብቀው ስለሚጾሙ ነው። በጾም አሳ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለአባቶች ትቼዋለሁ።

ሌላው የክርክር ርዕስ ቅርፊት ነበር። አባታችን ጣና ዳር ነው ያደጉት፤ ቆሮሶ ይበላሉ፣ አምባዛ ግን ቅርፊት ስለሌለው አይነኩም። ሽሪምፕም ያው ነው፣ እኛም ቤት አይገባም። ይህን ለካፒቴኑ ሳስረዳው አልሳቀም፣ አልተገረመም። ሽሪምፑ ለመንጠቆ ብቻ እንደሚሆን፣ የምናሳድደው ሬድፊሽ የሚባለው አሳ ደግሞ ወፍራም ቅርፊት እንዳለው ነገረኝ። እንደ አምባዛ ሪዝ ያለው የባሕር አሳ ከተያዘ እሱ ራሱ ፈቶ ይለቀዋል፤ የክንፉ እሾህ መርዛም ስለሆነ በእጃችን እንዳንነካው አስጠነቀቀን።

ቀኑ ሲደርስ ገና ሳይነጋ ወጣን። አንዱ ጓደኛችን ለቁርስ ሙዝ ይዞ ኖሮ ካፒቴኑ መኪና ውስጥ አስቀረበት። በአሳ አጥማጆች ዘንድ ሙዝ በጀልባ ላይ ገደ ቢስ ነው። አባታችን ይህን ስተረጉምላቸው "ልክ ነው፣ ሁሉም አገር የራሱ አለው" ብለው ከሰውዬው ጋር ወዲያው ተግባቡ። የእኛን ዳቦ ቆሎ ግን ከማንም በላይ የበላው እሱ ነው።

ጥልቀቱ ከጉልበት የማያልፍ ኩሬ ውስጥ ሞተሩን አጥፍቶ በረጅም ዘንግ እየገፋ ያስኬዳችኋል። ሬድፊሽ ሸርጣን ሲፈልግ አፉን ወደ ጭቃው ይደፋና ጅራቱ ከውኃ በላይ ይወጣል፤ ጅራቱ ላይ ጥቁር ነጥብ አለ። ያንን ለማየት ፖላራይዝድ መነጽር ያስፈልጋል፣ ለሁላችንም ትርፍ ይዞ ነበር። አባታችን የመጀመሪያውን ሲይዙ ሪሉ (የክሩ መጠምጠሚያ) ጮኸ። እኛ "ያዙት! ይጎትቱ!" እያልን ስንጯጯህ ካፒቴኑ የማጥመጃ ዘንጉን አልተቀበላቸውም፤ አጠገባቸው ቆሞ በእጁ ምልክት ብቻ እያሳየ ራሳቸው እንዲያወጡት ተዋቸው። ብዙ አስጎብኚ ለፎቶው ቸኩሎ ይቀማል ሲባል እሰማለሁ።

ሕጉንም በቴፕ ሜትሩ አስከበረ። በሉዊዚያና ከ2024 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ አንድ ሰው በቀን መያዝ የሚችለው 4 ሬድፊሽ ነው፣ ርዝመታቸውም ከ18 እስከ 27 ኢንች፤ ከ27 በላይ የሆነው ሁሉ ይለቀቃል። ካፒቴኑ ሥራ ላይ እያለ የራሱን ድርሻ መያዝ አይፈቀድለትም። ትልቁን አሳ ሲለቅ አባታችን ቅር አላቸው፤ እንቁላል የምትጥለው እሷ ናት ሲላቸው ግን "እንዲህ ከሆነስ ትሂድ" አሉ።

አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። የጀልባው ጂፒኤስ ካርታ የቆምነው መሬት ላይ እንደሆነ ያሳያል፣ በዙሪያችን ግን ውኃ ብቻ ነው። ሉዊዚያና ከ1932 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ 2,000 ስኩዌር ማይል የሚጠጋ የባሕር ዳርቻ መሬት አጥታለች። ወንዙ ዳርና ዳሩን በግድብ ታጥሮ ደለሉን ወደ ረግረጉ ማምጣት አቆመ፣ ለነዳጅ የተቆፈሩት ቦዮች ደግሞ ጨዋማውን ውኃ አስገብተው ሣሩን ገደሉት። ካፒቴኑ ይህን የነገረን ስንጠይቀው ብቻ ነው፣ ሳያጋንን።

ስንመለስ አሳውን ወደቡ ላይ አጽድቶ ሰጠን። ግማሹን ፊሌቶ፣ ግማሹን ከነቆዳው ከነቅርፊቱ፤ የኋለኛውን ቅርፊቱን ወደ እሳቱ አድርጋችሁ ትጠብሱታላችሁ፣ ሥጋው ሳይፈርስ ይበስላል። እኛ አዋዜ ቀባነው። ጭንቅላቶቹን ለሾርባ ስንጠይቀው ደስ አለው፣ ብዙ ደንበኛ ያስጥለዋል።

ቅሬታ የለህም ወይ ካላችሁኝ፣ የቴክስት መልሱ አንዳንዴ ቆይቶ ነው የሚመጣው፤ ደውሉለት። የአሳ ማጥመጃ ላይሰንሱን ከስቴቱ የዱር እንስሳትና አሳ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ አስቀድማችሁ ግዙ፣ ከካፒቴን ጋር ለሚወጣ እንግዳ ለጥቂት ቀን የሚሆን ርካሽ ዓይነት አለ። ቲፕ ለብቻው ነው፣ 20 በመቶ ገደማ የተለመደ ነው። ሙሉ እጅጌ ልብስና የትንኝ መከላከያ ያዙ። መኸርና ፀደይ ቀኖቹ ቶሎ ስለሚያዙ ወላጆቻችሁ ቪዛ እንዳገኙ ደውሉለት፤ ዕድሜያቸውንም ሳትቀንሱ ንገሩት።