የሲዲ መደርደሪያዬን ኪሴ ውስጥ ከከተትኩ በኋላ፦ የማጫወቻዬ ግምገማ

ዕቃው የኪስ ሙዚቃ ማጫወቻ ነው፤ ከክብሪት ቀፎ ትንሽ ነው የሚበልጠው። የሚጫኑ ቁልፎች አሉት። ጠባብ ስክሪን፣ የኢርፎን መሰኪያ፣ በጎኑ ደግሞ የሚሞሪ ካርድ ማስገቢያ አለው። ኢንተርኔት የለውም፣ መልእክት አይቀበልም። ካርዱ ላይ ያለውን ሙዚቃ ያጫውታል፣ በቃ። የገዛሁት ባለፉት ዓመታት የሰበሰብኳቸውን ኦሪጅናል ሲዲዎች ገልብጬ ይዤ ለመዞር ነው። አሁን ወራት ስላለፉ የአዲስ ዕቃ ደስታው በርዷል። ስለዚህ ሳላጋንን መናገር የምችል ይመስለኛል።

ድምፁ ጥሩ ነው። ስለ ድምፁ ከዚህ በላይ ብዙ የምለው የለኝም። በየቀኑ የሚያስደስተኝም የሚያናድደኝም ሌላ ነገር ነው፤ ፋይሎቹ እንዴት እንደተገለበጡና ስማቸው እንዴት እንደተጻፈ። ስለዚህ ግምገማው ግማሹ ስለ ማጫወቻው ሳይሆን ስለ ኮምፒውተሩ ቢሆን አትፍረዱብኝ። ሁለቱን መለያየት አይቻልም።

መጀመሪያ ስለ መገልበጡ። ሲዲ ላይ ያለው ሙዚቃ በሰከንድ 44,100 ናሙና (የድምፁ ቅጽበታዊ ልኬት)፣ እያንዳንዱ ናሙና 16 ቢት፣ በግራና በቀኝ ቻናል የተቀዳ ነው። ፊሊፕስና ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጡት መለኪያ ነው፤ እስከ ዛሬም ያው ነው። አንዷ ሰከንድ በ75 ቁራጭ ተከፍላ ነው ዲስኩ ላይ የምትቀመጠው። ተራ የሲዲ ማጫወቻ ከቁራጩ ውስጥ አንዳንድ ናሙና በትክክል ማንበብ ሲያቅተው ከፊቱና ከኋላው ያሉትን ናሙናዎች አይቶ በግምት ይሞላዋል። ጆሯችሁ ብዙ ጊዜ አይነቃበትም። ስትገለብጡ ግን ያ ግምት ፋይሉ ውስጥ ተቀድቶ ይቀራል። ጉዳቱ ከፋ ካለ ደግሞ ቲክ የሚል ድምፅ ይሆንና በሰማችሁት ቁጥር እዚያችው ቦታ ላይ ይጠብቃችኋል።

እኔ የምጠቀመው ኤግዛክት ኦዲዮ ኮፒ የሚባለውን ፕሮግራም ነው። ነፃ ነው፣ ዊንዶውስ ላይ ይሠራል። ማክ ላላችሁ ኤክስኤልዲ የሚባለው ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። መልኩ አያምርም፤ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ፕሮግራም ነው፣ ዕድሜውም ያስታውቅበታል። ግን ሥራውን ያውቃል። እያንዳንዷን ቁራጭ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ያነባል። ሁለቱ ንባብ ካልተስማሙ ደጋግሞ ይሞክራል። ሲጨርስ ደግሞ ውጤቱን አኪዩሬትሪፕ ከሚባል መዝገብ ጋር ያመሳክራል። እዚያ የተቀመጠው ያንኑ ሲዲ ሌሎች ሰዎች ሲገለብጡ ያገኙት የማረጋገጫ ቁጥር ነው። የእናንተ ቁጥር ከነሱ ጋር ከገጠመ ቅጂው ትክክል ነው ማለት ነው፤ ሌላ ጣጣ የለውም።

ልዩነቱ የሚታየው የተጫረ ሲዲ ሲገጥም ነው። አንዱ የእኔ ሲዲ የመጨረሻው ዘፈን ላይ ክቡን ተከትሎ የሄደ ጭረት አለው። ከመሀል ወደ ዳር ከሚሄድ ጭረት ይልቅ እንዲህ ያለው የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ንባቡ የሚሄድበትን መስመር ለረጅም ርቀት ያበላሻል። ፕሮግራሙ እዚያ ቦታ ሲደርስ ፐርሰንቱ ቆመ። የድራይቩ (የኮምፒውተሩ ሲዲ ማንበቢያ) ፍጥነት ወረደ፣ መሽከርከሩ ተቀየረ፣ ውስጡ የሚንኳኳ ነገር ያለ ይመስል ጀመር። ስክሪኑ ላይ ቀያይ ምልክቶች ተደረደሩ። አስቁሜ ሲዲውን ለብ ባለ ውሃ አጠብኩት፤ በለስላሳ ጨርቅ ከመሀል ወደ ዳር እየጠረግኩ አደረቅኩት። ትንሽ ተሻለው እንጂ አልዳነም። ከዚያ ሌላ፣ አሮጌ ድራይቭ ላይ ከተትኩት። ያኛው ምንም ሳይንገራገር አነበበው፣ ቁጥሩም ከመዝገቡ ጋር ገጠመ። ድራይቮች ጭረት ላይ አንድ ዓይነት አይደሉም፤ አዲስ የሆነው ሁልጊዜ ይበልጣል ማለትም አይደለም። አሮጌ ድራይቭ ካላችሁ አትጣሉት።

በነገራችን ላይ ሁሉም ሰው የሚንከባከበው የሚያብለጨልጨውን ጎን ነው። እዚያ በኩል 1.2 ሚሊ ሜትር የሚሆን ፕላስቲክ መረጃውን ይጠብቀዋል። ጽሑፉ ያለበት ጎን ነው ስሱ። መረጃውን የያዘው ንጣፍ ከጽሑፉ ሥር ነው፣ የሚሸፍነውም ስስ ቫርኒሽ ብቻ ነው። እዚያ በኩል በደንብ ከተጫረ ማጠብም መወልወልም አያድነውም።

ወደ ፋይል ዓይነት እንምጣ። ሲዲው እንዳለ ሲገለበጥ በደቂቃ 10 ሜጋባይት ከምናምን ይወስዳል። ፍላክ የሚባለው ፎርማት ከድምፁ ምንም ሳይቀንስ አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ወይም ከግማሽ ትንሽ ከፍ ወዳለ መጠን ያወርደዋል። ኤምፒስሪ በከፍተኛው ጥራቱ፣ ማለትም በሰከንድ 320 ኪሎቢት፣ ለአንድ ደቂቃ 2.4 ሜጋባይት ይወስዳል፤ ቦታ ይቆጥባል፣ ግን የጣለውን መልሶ ማምጣት አይቻልም። እኔ ኮምፒውተሩ ላይ ሁሉንም በፍላክ ነው ያስቀመጥኩት። ነገ ሌላ ፎርማት ቢያስፈልገኝ ከፍላክ እለውጣለሁ እንጂ ያን ሁሉ ሲዲ ደግሜ አልገለብጥም። 128 ጊጋባይት ካርድ ላይ በፍላክ 400 ያህል አልበም ይገባል። ለእኔ ይበቃኛል፤ ስለዚህ ማጫወቻው ላይም ፍላኩን ነው የምጭነው።

በጆሮዬ በፍላክና በ320 ኤምፒስሪ መካከል ልዩነት እሰማለሁ ብዬ አልዋሻችሁም። ፍላክን የወደድኩት በሌላ ምክንያት ነው። የመድረክ ቅጂ የሆኑ አልበሞች አሉኝ፤ ጭብጨባው ሳይቋረጥ ወደሚቀጥለው ዘፈን የሚሻገርባቸው። ኤምፒስሪ በባሕርዩ በፋይሉ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ትንሽ ዝምታ ይጨምራል። ዝምታው ምን ያህል እንደሆነ ፋይሉ ውስጥ ሊጻፍ ይችላል፣ አንብቦ የሚቆርጥ ማጫወቻም አለ። የእኔው አይቆርጥም። ጭብጨባው ድንገት ቀጥ ይላል፣ ከዚያ እንደገና ይጀምራል። አንዴ ከሰማችሁት በኋላ ጆሯችሁ እሱን ብቻ ነው የሚጠብቀው። ያንኑ አልበም በፍላክ ስጭነው ስንጥቁ የት እንደነበር እንኳን አላገኘውም።

አሁን ወደ ዋናው ራስ ምታት፣ ወደ ስሞቹ። አብዛኛው የሙዚቃ ሲዲ የዘፈኖቹን ስም አልያዘም። ፕሮግራሙ የትራኮቹን ብዛትና ርዝመት አይቶ እንደ ሙዚክብሬንዝ ካለ የኢንተርኔት መዝገብ ነው ስሙን የሚያመጣው። የታወቀ የውጭ አልበም ሲሆን በሁለት ሰከንድ ይመጣል። የአማርኛ ሲዲዎቼ ላይ ግን አንዳንዱ ጨርሶ የለም፣ አንዳንዱ ደግሞ እንደ አስገቢው ፍላጎት በላቲን ፊደል ተጽፏል። እጅጌን ሰብስቦ መጻፍ ነው።

ስትጽፉ ደግሞ ፊደላችን የራሱን ወጥመድ ይዞ ይጠብቃል። «ዓለም» እና «አለም» ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለማሽኑ ግን ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። «ፀሐይ»፣ «ጸሐይ»፣ «ፀሀይ» ብላችሁ በሦስት አልበም ላይ ብትጽፉ የአንዲት ዘፋኝ ሥራ በሦስት ቦታ ተበታትኖ ታገኙታላችሁ። የሲዲው ሽፋን ራሱ አንዱ አልበም ላይ እንዲህ፣ ሌላው ላይ እንዲያ ብሎ ስለሚጽፍ ከሽፋኑ መገልበጥም አያድንም። እኔ ለእያንዳንዱ ዘፋኝ አንድ አጻጻፍ መርጬ ዝርዝሩን በአንድ ፋይል አስቀምጫለሁ። አዲስ ሲዲ ሲመጣ ከዚያ ኮፒ ፔስት ነው።

ይኼ ሁሉ ተደክሞበት ማጫወቻው ምን አደረገ? በፊደሉ ፋንታ ባዶ ሣጥን ሣጥን አሳየኝ። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት የሚጽፉበት የጋራ መለኪያ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ይህ ዕቃ ግን ፎንቱ የለውም። አምራቹ ያወጣውን አዲስ ሶፍትዌር ጫንኩ፤ ያው ሣጥን። ይህን ዕቃ የምወቅስበት ትልቁ ነገር ይኼ ነው። መላው ሁለት ቅጂ መያዝ ሆነ። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ዋናው በግዕዝ ፊደል፣ ካርዱ ላይ ያለው ደግሞ ስሞቹ በላቲን የተጻፉ። ይሠራል፣ ግን በአማርኛ የተዘፈነን ዘፈን በላቲን ፊደል ሲፈልጉ መዋል ያበሽቃል።

ሌሎቹ የስም ጣጣዎች ቀላል ናቸው። የተለያዩ ዘፋኞች ስብስብ የሆነ አልበም ላይ «አልበም አርቲስት» የሚለውን ቦታ ባዶ ከተዋችሁት አንዱ አልበም በዘፋኞቹ ቁጥር ይሰነጣጠቃል። የትራክ ቁጥሩን 01፣ 02 ብላችሁ ካልጻፋችሁ ከአንደኛው ዘፈን ቀጥሎ አሥረኛው ሊመጣ ይችላል። የሽፋን ምስሉ ደግሞ ትልቅ ከሆነ ወይም ፕሮግረሲቭ ጄፔግ (ቀስ በቀስ እየጠራ የሚከፈት የምስል ዓይነት) ከሆነ የእኔ ማጫወቻ ዝም ብሎ ባዶ ያሳያል፤ አነስ አድርጎ በተራው ጄፔግ ሴቭ ማድረግ ነው።

ስለ ዕቃው ራሱ። ቁልፎቹን ወድጃቸዋለሁ። ከኪሴ ሳላወጣው ዘፈን አሳልፋለሁ፣ ድምፅ እቀንሳለሁ። በስልክ ይህን ሞክሩትና ንገሩኝ። ባትሪው ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ያህል አይቆይም፤ የሚጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ ስክሪን ጠፍቶ፣ ድምፅ ዝቅ ብሎ የተለካ ነው። ቢሆንም ከስልኬ በእጅጉ ይበልጣል። ባትሪውን አውጥቶ መቀየር ግን አይቻልም፤ ሲደክም አብሮ ነው የሚያልፈው። ካርዱ ላይ አዲስ አልበም ሲጨመር ዝርዝሩን ከመጀመሪያው እንደ አዲስ ይቃኛል። ካርዱ ከሞላ ሻይ ጠጥቶ ለመመለስ የሚበቃ ጊዜ ነው። ብሉቱዝ አለው፣ አልጠቀምበትም። በብሉቱዝ ሲላክ ድምፁ እንደገና ይጨመቃል፤ ታዲያ ያን ሁሉ በፍላክ የደከምኩት ለምን ነበር? ፊቱ ላይ የተለጠፈው የ«ሃይ ሬዝ» (ከሲዲ የላቀ ጥራት ያጫውታል የሚል) ምልክትም የሲዲ ቅጂ ለሚሰማ ሰው ጌጥ ነው። ሲዲው 44,100 ናሙናና 16 ቢት ነው፤ ማጫወቻው ከዚያ በላይ መቻሉ የሌለውን አይጨምርም።

አንድ ሰው ሕጋዊ ነው ወይ ብሎ ጠይቆኝ ነበር። የገዛችሁትን ሲዲ ለራሳችሁ መገልበጥ እንደየአገሩ ሕግ ይለያያል። እንግሊዝ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2014 ፈቅዳ በ2015 ፍርድ ቤት ሻረው። ያላችሁበትን አገር ሕግ እዩ። ገልብጦ ሲዲውን መሸጥ ወይም ፋይሉን ማከፋፈል ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ አልነካካውም። የእኔ ሲዲዎች ካርቶን ውስጥ ናቸው፣ አይሸጡም። ካርድ ይሞታል፣ ሃርድ ዲስክም ይሞታል፤ ስለዚህ ፍላኮቹ በሌላ ኤክስተርናል ዲስክ ላይም አሉ።

እንዲህ ዓይነት ዕቃ ለመግዛት ካሰባችሁ ሳጥኑ ላይ ያለውን ማስታወቂያ ተዉት። ትንሽ ሚሞሪ ካርድ ላይ ጥቂት ፋይል ጭናችሁ ሂዱ፦ ተያያዥ የሆኑ ሁለት የመድረክ ዘፈኖች በፍላክም በኤምፒስሪም፣ ስሙ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ አንድ ዘፈን፣ አንድ የተለያዩ ዘፋኞች አልበም። ሻጩን አስፈቅዳችሁ እዚያው ክተቱት። ትልቅ ካርድ ለመጠቀም ካሰባችሁ ደግሞ ኤክስፋት የሚባለውን የካርድ አዘገጃጀት ያነባል ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ ከ32 ጊጋባይት በላይ የሆኑ ካርዶች እንደዚያ ተዘጋጅተው ነው የሚመጡት። የእኔው ያነባል። ሣጥን ሣጥን ካሳየ ግን ሌላ ዕቃ ፈልጉ፤ እኔ ዛሬ ብገዛ ግዕዝ የሚያነብ ነው የምፈልገው፣ ቁልፍ እስካለው ድረስ።