ስልክ፣ ካሜራ ወይስ ጎፕሮ? ከጣርማበር እስከ በረሃው ዝናብና ቀስተ ደመና ለማንሳት

ክረምት ሲመጣ ጥያቄው ይበዛል። "ከደብረ ብርሃን ተነስተን ወደ ሸዋ ሮቢት፣ ከዚያም ወደ አፋር በረሃ ልንወርድ ነው፤ ዝናቡንና ቀስተ ደመናውን ለማንሳት ምን እንግዛ?" እኔ መልሼ የምጠይቀው ከሁለቱ የትኛው እንደሚበልጥባችሁ ነው። ቀስተ ደመና ሰፊ ነው። የበረሃ ዝናብ ደግሞ ሩቅ ነው። አንዱን አሳምሮ የሚይዝ ዕቃ ለሌላው ብዙም አይሆንም።

የማወዳድረው ሦስት ነገር ነው። አንደኛው አይፎን 11 ወይም እንደሱ አልትራ ዋይድ፣ ማለትም በጣም ሰፊ የሚያይ ካሜራ፣ ያለው ስልክ ነው። ሁለተኛው ያገለገለ ካነን 2000ዲ ከ18-55 ኪት ሌንሱ (ከካሜራው ጋር አብሮ የሚመጣው) እና ከ55-250 ሌንስ ጋር፤ ቁጥሮቹ ሚሊሜትር ናቸው፣ ሲያንሱ ሰፊ ያያሉ፣ ሲበልጡ ሩቁን ያቀርባሉ። ሦስተኛው ጎፕሮ፣ ትንሿ የቪዲዮ ካሜራ።

ከቀስተ ደመናው እንጀምር፣ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ስለሆነ። ፀሐይን ጀርባ ስትሰጡ የጭንቅላታችሁ ጥላ የሚያርፍበት አቅጣጫ የቀስቱ መሃል ነው። ከዚያ መሃል ቀስቱ በየአቅጣጫው 42 ዲግሪ ይርቃል። ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ታዲያ ከአንዱ እግሩ እስከ ሌላው እግሩ 84 ዲግሪ ገደማ ይሆናል ማለት ነው። ኪት ሌንሱ 18 ላይ ሆኖ በአግድም የሚያየው 64 ዲግሪ አካባቢ ብቻ ነው። ስለዚህ "ፕሮፌሽናል ካሜራ" ይዞ የመጣው ሰው ግማሽ ቀስት ይዞ ሲመለስ፣ ስልክ የያዘው ሙሉውን ያስገባል። የአይፎን 11 አልትራ ዋይድ አፕል ራሱ 120 ዲግሪ የሚለው ነው። የዚያው ስልክ ዋና ካሜራ ግን አይበቃም፤ ወደ 0.5 መቀየር አለባችሁ። ጎፕሮም ሰፊ ስለሆነ እዚህ ላይ ያልፋል። በካነን ሙሉውን ቀስት የምትፈልጉ ከሆነ 10-18 ሌንስ መጨመር ወይም ካሜራውን በቁመቱ ይዛችሁ ሦስት አራት ፎቶ አንስታችሁ በኋላ አንድ ላይ መግጠም ነው። ለዚያ ግን ቀስቱ ሳይጠፋ መፍጠን ያስፈልጋል።

ሰዓቱንም እወቁ። ፀሐይ ከአድማስ ከ42 ዲግሪ በላይ ከወጣች ሜዳ ላይ ቆማችሁ ቀስተ ደመና አታዩም። ስለዚህ በእኛ አገር ቀስቱ የሚታየው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ በፊት ወይም ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ በኋላ ነው። ከሰዓት በኋላ፣ ከደብረ ብርሃን ስትመጡ ደብረ ሲና ሳትደርሱ ባለው ጣርማበር አፋፍ ላይ ሆናችሁ ወደ ምሥራቅ ስታዩ ፀሐይ ከኋላችሁ፣ ቆላው ከፊታችሁ ነው። ዝናቡ ከሥራችሁ ሸለቆው ውስጥ እየዘነበ ፀሐይ ካገኘው ቀስቱ ከአድማስ በታች ጭምር ይታያል፤ ከግማሽ ክብ ያለፈ ቀስት ማለት ነው። በነገራችን ላይ ጣርማበር ጉም ከያዘው እጃችሁን እንኳ ማየት ይቸግራል፣ ያኔ ወደ ደብረ ሲና መውረድ ነው። ጠዋት ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ሸዋ ሮቢት ሆናችሁ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ተራራው ነው የምታዩት።

አሁን ዝናቡ። እዚህ ካነኑ ያለ ጥያቄ ይበልጣል። ከአፋፉ ላይ ሆናችሁ የምታዩት ዝናብ ገና ሩቅ ቆላ ላይ ነው። እንደ መጋረጃ ተንጠልጥሎ፣ አንዳንዴም መሬት ሳይደርስ አየር ላይ ተኖ ይቀራል። ይህን በአልትራ ዋይድ ብታነሱት ትንሽ ግራጫ ነጠብጣብ ሆኖ ነው የሚወጣው። አይፎን 11 ለሩቅ የሚሆን ሌንስ የለውም፤ ዙሙ ምስሉን ቆርጦ ማጉላት ብቻ ነው። ጎፕሮን ለዚህ እርሱት። የ55-250 ሌንስ ግን በ2000ዲ ላይ፣ ምስሉን የሚይዘው ሴንሰር ትንሽ ስለሆነ፣ የ400 ሚሊሜትር ያህል ያቀርባል። የዝናቡ ጫፍ፣ ከሥሩ የበራው መሬት፣ ከጀርባው ያለው ጥቁር ደመና ሁሉም ይለያል። ስልኩ ደግሞ ብርሃኑን በራሱ "አስተካክሎ" ጥቁሩን ደመና ያነጣዋል፣ እኔን በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። በካነኑ ሮው (ካሜራው ያላስተካከለው ጥሬ ፋይል) አድርጋችሁ፣ ኤክስፖዠሩን (የብርሃኑን መጠን) ትንሽ ወደ ታች አውርዳችሁ ማንሳት ትችላላችሁ።

ውሃን በተመለከተ ስልኩና ጎፕሮው ይሻላሉ። አይፎን 11 አይፒ68 ነው፣ ውሃና አቧራ ይቋቋማል ማለት ነው። ጎፕሮ ከሂሮ 5 ሞዴል ጀምሮ አብዛኛው ያለ ተጨማሪ ሽፋን እስከ 10 ሜትር ይጠልቃል። 2000ዲ ከውሃ ምንም መከላከያ የለውም፤ ፌስታል ቀዳችሁ፣ ሌንሱ አፍ ላይ በላስቲክ አስራችሁ ነው የምትሠሩት። ከውሃው በላይ የምፈራለት ግን አቧራውን ነው። በረሃ ላይ ዝናቡ ሳይደርስ ነፋሱ አቧራውን እያስነሳ ይቀድማል፣ ሌንስ መቀየር የምትፈልጉትም ልክ ያኔ ነው። መኪና ውስጥ መስኮት ዘግታችሁ ቀይሩ። ከ3000 ሜትር በላይ ከሆነው ጣርማበር 1300 ሜትር አካባቢ ወዳለው ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ የቀዘቀዘው ሌንስ ላብ ይይዘዋል፤ ቦርሳው እንደተዘጋ ይሙቅ።

ፖላራይዘር (ሌንሱ ፊት ላይ የሚገጠም የሚዞር ፊልተር) ግዙ የሚሏችሁ አሉ። ጥሩ ነው፤ 58 ሚሊሜትሩ ለሁለቱም የካነን ሌንሶች ይሆናል። ግን እያያችሁ አዙሩት። የቀስተ ደመና ብርሃን ፖላራይዝድ (በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገብ) ስለሆነ ፊልተሩ በአንድ በኩል ቀለሙን ያደምቃል፣ ሩብ ዙር ሲዞር ደግሞ ያጠፋዋል። በሰፊ ሌንስ ላይ ግማሹ ደምቆ ግማሹ ሊጠፋ ይችላል።

እንግዲህ ምርጫው፦ አልትራ ዋይድ ያለው ስልክ ኪሳችሁ ውስጥ ካለ አዲስ ስልክ አትግዙ። ብሩን ያገለገለው ካነንና 55-250 ላይ አውሉት፤ ኪት ሌንሱ ባይኖርም ግድ የለም። ስልካችሁ አልትራ ዋይድ ከሌለው፣ ለአንድ ዕቃ ብቻ የሚሆን ብር ካላችሁ ደግሞ ስልኩን። ጎፕሮ ዝናብ ውስጥ እየነዱ ቪዲዮ ለሚቀርጹ ነው፣ ለፎቶ ብላችሁ አትግዙት።

ያገለገለ ስትገዙ ሌንሱን በስልክ መብራት ውስጡን እዩት፤ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፣ ተዉት። ካሜራውን ኤፍ 22 ላይ (የሌንሱን ቀዳዳ በጣም አጥብባችሁ) አድርጋችሁ ሰማይ አንሱበት፣ ጥቋቁር ነጠብጣቦች ከታዩ ሴንሰሩ ቆሽሿል። ስልኩ ስክሪን ወይም ባትሪ ተቀይሮለት ከሆነ ደግሞ አይፒ68 የሚለውን እርሱት፤ አንዴ የተከፈተ ስልክ ዝናብ ላይ አይታመንም።