ፒያሳን በእግር፦ ግድግዳ ማንበብ ያስተማረን አስጎብኚ

ባለፈው ቅዳሜ የፒያሳን የድሮ የድንጋይ ቤቶች በእግር ከሚያስጎበኝ ልጅ ጋር ዞርኩ። ሦስት ሰዓት ያህል ፈጅቷል፣ ክፍያው 400 ብር ነው። ከአሁኑ ልንገራችሁ፣ ገንዘባችሁ አይቆጫችሁም።

ከዚህ በፊት ከሌላ አስጎብኚ ጋር ሞክሬ ነበር። ዓመተ ምሕረት ሲደረድርልን አርፍዶ አንድም ነገር ሳይገባኝ ቤቴ ገባሁ። ይሄኛው ገና ስንጀምር ያለን፣ "እኔን ተዉኝ፣ ግድግዳውን እዩት" ነው።

መነሻው ጊዮርጊስ ነው። ክርስትና የተነሳሁበት ደብር ስለሆነ የማውቀው ይመስለኝ ነበር። ባለ ስምንት ማዕዘኑን ሕንፃ የነደፈው ሰባስቲያኖ ካስታኛ አድዋ ላይ ተማርኮ እዚሁ የቀረ ጣሊያናዊ መሆኑን ግን አልሰማሁም። አስቡት እስኪ፣ የጊዮርጊስ ታቦት አድዋ ዘምቶ በድል ተመለሰ፣ የድሉን መታሰቢያ ደግሞ ምርኮኛው ነደፈው። ንግሥት ዘውዲቱ በ1909፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዘውድ የጫኑት እዚሁ ነው። በ1929 ጣሊያን አቃጠለው፣ ከነፃነት በኋላ ታደሰ።

ለእኔ ግን የቀኑ ትልቁ ነገር ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለ አንድ ያረጀ ግቢ ነው። ልጁ በድንጋዮቹ መሃል ያለውን ማያያዣ በጣታችን አስነካን። ቡናማውና የሚፈረፈረው ጭቃ ነው። ነጣ ያለው ኖራ ነው። ግራጫውና ደረቁ ሲሚንቶ ደግሞ ኋላ የተለጠፈ ጥገና ነው። ጭቃና ኖራ እርጥበት ያሳልፋሉ፣ ሲሚንቶ ግን አፍኖ ስለሚይዘው እርጥበቱ መውጫ ሲያጣ ድንጋዩን እየበላው ይሄዳል። እውነትም ሲሚንቶ የተለጠፈበት አካባቢ ድንጋዩ እንደ ቂጣ እየተላጠ ነበር። ቤት አድሳለሁ ብሎ ቤት ማፍረስ ማለት ይሄ ነው፣ በጣም አሳዘነኝ።

ከዚያ አንድ ጠባብ በር አሳየንና "ይሄ በር ሲሠራ በር ነበር?" አለን። ዝም አልን። ጠጋ ብለን ስናየው ከላይ የጥርብ ድንጋይ ቅስት አለው፣ ከግራና ከቀኝ ያለው ድንጋይ ግን ከመሃል ጀምሮ እስከ መሬት በመዶሻ የተቦደሰ ነው። መስኮት ነበር! የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የወረሰው አዋጅ ቁጥር 47 በ1967 ሲወጣ የአንድ ቤተሰብ የነበረው ቤት ለብዙ አባወራ ተከፋፈለ፣ ሁሉም የራሱ መግቢያ ያስፈልገዋል፣ ስለዚህ መስኮቱ በር ሆነ። አንድ ግድግዳ ላይ የመኳንንቱንም የቀበሌ ቤቱንም ዘመን ማየት ይቻላል ብዬ አስቤ አላውቅም።

እዚያው እያለን አንዲት እናት ብቅ አሉና "ልትለኩት ነው የመጣችሁት?" አሉን። በ2016 ፒያሳ ስንት ሰፈር እንደፈረሰ የምታውቁት ነው፣ ድንጋጤያቸው ፊታቸው ላይ ይታያል። ልጁ ዝቅ ብሎ ሰላም አላቸውና "አይ እማማ፣ ልናየው ብቻ ነው" አላቸው። "እንግዲያው ግቡ፣ ከውስጥም እዩት" ብለው አስገቡን። የጣውላውን ወለል ዛሬም በየሳምንቱ ሰም ይቀቡታል።

የማልወደው ነገርም ነበር። አሥራ አራት ሰው ለአንድ አስጎብኚ ይበዛል፣ ጊዮርጊስ አደባባይ ላይ በመኪናው ጩኸት ከኋላ የቆምን ግማሹን አልሰማንም። ራስ መኮንን ድልድይንም በሩጫ ነው ያለፍነው፣ እዚያ ቢያንስ አሥር ደቂቃ መቆም ነበረብን። ስምንት ሰው ላይ ቢያቆም ዋጋውን ጨምሮም ቢሆን እከፍላለሁ።

ጉብኝቱ የሚያልቀው ጣይቱ ሆቴል ነው። በጥር 2007 ከደረሰበት ቃጠሎ የተረፈውን ሰፊውን የእንጨት ደረጃ ወጥተን በረንዳው ላይ አረፍን። ምሳ ከክፍያው ውጪ ነው፣ የጾም ቡፌውን ግን አትለፉት።

ጠፍጣፋ ጫማ አድርጉ፣ ውሃ ያዙ። እኔ በሚቀጥለው ቅዳሜ አባቴን ይዤ ልመለስ ነው። ዶሮ ማነቂያ ነው ያደገው፣ ስለዚያ በር ስነግረው "እኛም ቤት እንደሱ ያለ ነበር፣ አባቴ ሲያፈርሰው መዶሻ አቀብየዋለሁ" አለኝ።