ሜካኒካል የዘይት ግፊት ጌጅ ለታደሰ ሞተር
በታደሰ ሞተር ላይ የዘይት መብራት ሲበራ ጥርጣሬው ቶሎ ወደ ፓምፑና ወደ ብሮንዚኑ (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበት ተሸካሚ) ይሄዳል፤ ይሁንና ጥፋቱ መብራቱን የሚያበራው ሴንሰር ብቻ ሊሆን ስለሚችል፣ በሴንሰሩ ቦታ ታስሮ ግፊቱን በቀጥታ የሚያነበው ይህ ጌጅ ሞተሩ ከመፈታቱ በፊት ሊገዛ ይገባል። ንባቡ የሚታመነው ግን ዘይቱ በሚገባ ከሞቀ በኋላ ነው፤ ቀዝቃዛ ዘይት ወፍራም በመሆኑ የላላ ብሮንዚንን ይደብቃል። በተለምዶ ሞተሩ በደቂቃ ለሚዞረው ለእያንዳንዱ 1000 ዙር 10 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ያህል ይጠበቃል፤ የአምራቹ መመሪያ ግን ይቀድማል። መርፌው በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር) እንኳ ሳይዋልል ይነበባል። ቅሬታዬ ዘይቱን ወደ ጌጁ በሚወስደው የፕላስቲክ ቱቦ ላይ ነው፦ ከጭስ ማውጫው ካልራቀ ይቀልጣል፣ መጋጠሚያው በደንብ ካልጠበቀም ራሱ ዘይት እያንጠባጠበ፣ ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) ክዳን ጋስኬት (ማሸጊያ) የወረደውን ፍሳሽ ለመለየት የሚደረገውን ፍለጋ ያሳስታል።