የቶልኪን ዘመን የዩኒቨርሲቲ ካሌንደሮች፦ የሊድሱ ይሻላል የኦክስፎርዱ?

ውጭ አገር ላለችው የአክስቴ ልጅ «የ1937 ካሌንደር ግዢልኝ» ብዬ ብጽፍላት «ቀኑ አልፎበታል እኮ፣ ምን ያደርግልሃል?» አለችኝ። አልፈረድኩባትም። እኛ ዘንድ ካሌንደር ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ነው። የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች ግን በየዓመቱ ያሳትሙት የነበረውን ወፍራም መጽሐፍ በዚህ ስም ይጠሩታል። የመምህራኑ ስም፣ ደንቡ፣ የትምህርት ክፍሉ፣ ሁሉም እዚያ ይገኛል።

እኔ የምሰበስበው የዘ ሆቢትና የዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ ደራሲ ጄ. አር. አር. ቶልኪን የተማረባቸውንና ያስተማረባቸውን ዓመታት ነው። ጎንደር ተቀምጦ ይህን መልቀም ለጓደኞቼ እብደት ይመስላቸዋል። ይሁን። ሰሞኑን ግን ሁለት ልጆች «ከየትኛው እንጀምር?» ብለው ስለጠየቁኝ ነው ይህን የምጽፈው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በሊድሱ ልጀምር። ቶልኪን ሊድስ ዩኒቨርሲቲ ለማስተማር የገባው በ1920 ነው፤ በ1924 ፕሮፌሰር ሆነ፤ በ1925 ለኦክስፎርድ ፕሮፌሰርነት ተመረጠ። እንግዲህ የምትፈልጉት አምስት ዓመት ብቻ ነው። ለሰብሳቢ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፣ ማለቂያ አለው። ከ1922 ጀምሮ የቀድሞ ተማሪው ኢ. ቪ. ጎርደንም እዚያው ያስተምር ነበር። ሁለቱ አብረው ያዘጋጁት የመካከለኛው ዘመን ግጥም፣ ሰር ጋዌይን፣ የታተመው በ1925 ነው። ስለዚህ የ1923–24ን ወይም የ1924–25ን ካገኛችሁ ሁለቱን በአንድ ትምህርት ክፍል ሥር ፈልጓቸው። ችግሩ በቀላሉ ገበያ ላይ አለመውጣቱ ነው። እኔ አንዱን ለማግኘት ሁለት ክረምት ጠብቄያለሁ።

የኦክስፎርዱ ተቃራኒ ነው። ዓመቱ ብዙ፣ መጽሐፉ ብዙ። ቶልኪን ከ1925 እስከ 1945 የአንግሎ ሳክሰን (የጥንታዊ እንግሊዝኛ)፣ ከዚያ እስከ 1959 ደግሞ በመርተን ኮሌጅ የእንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ፕሮፌሰር ነበር። ሁሉንም እገዛለሁ ያለ ሰው ቤቱን መጋዘን ያደርገዋል። ምረጡ። ዘ ሆቢት የወጣበት 1937 ጥሩ ነው፤ ሻጮችም ስለሚያውቁት ዋጋውን ይሰቅሉታል። እኔ ብሆን የፕሮፌሰርነት ወንበር የቀየረበትን 1945–46 እወስዳለሁ። ማንም አይሻማችሁም።

የተማሪነቱ ዘመን፣ ከ1911 እስከ 1915፣ ሌላ ጣዕም አለው። ኦክስፎርድ ውስጥ ኤክሰተር ኮሌጅ ሲገባ የጥንት ግሪክና ላቲን ነበር የሚያጠናው። በ1913 ወደ እንግሊዝኛ ዞረ፣ በ1915 በአንደኛ ደረጃ ጨረሰ። በካሌንደሩ የውጤት ዝርዝር ውስጥ እንደ ማንኛውም ልጅ አንዲት መስመር ናት። ከኋላ ለሚመጣው ነገር ምንም ምልክት የላትም። ለእኔ ከፕሮፌሰሩ ገጽ ይልቅ እሷ ትበልጥብኛለች።

አሁን የተበላሁትን ልንገራችሁ። አንድ ሻጭ የ1925ቱን የኦክስፎርድ ካሌንደር «የቶልኪን የመጀመሪያ ዓመት» ብሎ ሸጠልኝ። ከፍቼ ሳይ ወንበሩ ላይ ያለው ከእሱ በፊት የነበረው ፕሮፌሰር ዊልያም ክሬጊ ነው! ቶልኪን የተመረጠው በ1925 አጋማሽ ነበር፣ መጽሐፉ ደግሞ ከዚያ በፊት ተዘጋጅቷል። ጥፋቱ የሻጩ ብቻ አይደለም፣ እኔም ቸኩያለሁ። ሽፋኑ ላይ ያለውን ዓመት አትመኑ። ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ስሙ ያለበትን ገጽ በስልክ ፎቶ አንስቶ እንዲልክላችሁ ጠይቁ። እምቢ ካለ ተዉት።

ኪሳችሁ ካልቻለ የኦክስፎርድ ሃንድቡክ አለ። ስለ ኮሌጆቹ፣ ስለ ወጪው፣ ስለ ትምህርቱ ለአዲስ ተማሪ የሚያስረዳ ነው። ስም ፍለጋ ከሆነ ግን ያሳዝናችኋል፤ ቶልኪን የኖረበትን ዓለም እንጂ ቶልኪንን አታገኙበትም። ከዚህ ይልቅ የዩኒቨርሲቲውን ጋዜት፣ ማለት ይፋ ጋዜጣውን፣ የትምህርት መርሐ ግብር ያለበትን እትም ፈልጉ። ማን፣ በየትኛው ተርም (የትምህርት ወቅት)፣ ምን እንደሚያስተምር እዚያ ይወጣ ነበር። ቤዎውልፍ የተባለውን ጥንታዊ የእንግሊዝኛ ግጥም በየትኛው ቀንና ሰዓት እንዳስተማረ ማየት ለሚፈልግ ከካሌንደሩ ይሻላል። ወረቀቱ ግን ስስ ስለሆነ ይቀደዳል።

የቤተ መጻሕፍት ማኅተም አያስፈራችሁ። ብዙዎቹ ከቤተ መጻሕፍት የወጡ ናቸው፤ ገጹ ከተሟላ ማኅተሙ ጉዳት የለውም። የሚያስፈራው የቶልኪን ፊርማ አለበት የተባለው ነው። አዲስ ሽፋን ለብሶ በአሮጌ ዓመት ስም የሚሸጥ ቅጂም አለ፣ እሱንም ጠይቁ።

እግረ መንገዴን፦ ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ መውጣት በጀመረበት በ1954 ነው የጎንደር ጤና ኮሌጅ የተከፈተው። ኮሌጁ በኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር ስለገባ፣ የዚያ ዘመን የዩኒቨርሲቲው ካታሎግ ውስጥ የከተማችንን ስም ታገኛላችሁ። ለጎንደር ልጅ እሱም ከመደርደሪያው መጥፋት የለበትም።

ለአንድ ብቻ የሚሆን ገንዘብ ካላችሁ ሊድስን ጠብቁ። መጠበቅ ካልቻላችሁ የኦክስፎርዱን የ1945–46 ያዙ። ካሌንደር ከባድ ስለሆነ ዘመድ ሲመጣ በሻንጣ ይምጣላችሁ። ጋዜቱን በፖስታ አስልኩት፣ በሁለት ካርቶን መሃል ይታሸግ በሉ እንጂ።